የጋሽ ፍሬን ፔዳል

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ውሸት መጻፍ ብፈልግ ኖሮ መጀመሪያ ራሴን የተሻልኩ ሰው አድርጌ እጽፍ ነበር።

ሰዓቱን አልረሳውም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐይ ወጥታለች። ተማሪዎች ቦርሳቸውን አዝለው ይሄዳሉ። ዳቦ ቤቱ ፊት ሰው ተሰልፏል።

ቦታው ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው የእግረኛ ማቋረጫ ነው... ዜብራው።

አባቴ የመኪና መንዳት አሠልጣኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያስተምር ኖረ። ለእግረኛ ሳይቆም ስለማያልፍ የሰፈሩ ሚኒባስ ሾፌሮች “ጋሽ ፍሬን” ብለው ስም አውጥተውለታል።

“ጋሽ ፍሬን! ዛሬስ ይደርሳሉ?” ይሉታል በመስኮት ብቅ ብለው።

“ቀብርህ ላይ እደርሳለሁ!” ይላል እሱም።

ይሳሳቃሉ።

መኪናዋ አሮጌ፣ ነጭ፣ ትንሽ ናት። የማሠልጠኛ መኪና ስለሆነች ሌሎች መኪኖች የሌላቸው ሁለት ነገር አላት። አንደኛው፣ ከሾፌሩ ጎን በተቀመጠው ሰው እግር ሥር ያለው ሁለተኛ የፍሬን ፔዳል ነው። ተማሪው ከተደናገጠ አሠልጣኙ በዚያ ያቆማታል። ሌላው ደግሞ የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ስፖኪዮ ናት። አባዬ በእሷ መንገድ አያይባትም። ወደ ተማሪው ፊት ያዞራትና ዓይኑን ይከታተላል።

“የት እንደሚያይ ካወቅኩ የት እንደሚጋጭ አውቃለሁ” ይል ነበር።

እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። አስቸጋሪ ተማሪ ነበርኩ። ዓይን አፋር ነኝ። የምሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከጠርሙስ ጋር ስለምውል ከሰው ጋር ብዙ አላወራም። መንገድ ላይ ከኋላዬ ጥሩምባ ሲነፋብኝ ፊቴ ይቀላል፣ እጄን ያልበኛል። ሰው በእኔ ምክንያት ሲጠብቅ አልወድም።

“ይንፉ!” ይለኛል አባዬ። “በጥሩምባ የሞተ ሰው የለም። አንቺ ቆመሽ ጠብቂ።”

አንድ ነገር ደግሞ ነበር፤ ሺህ ጊዜ የነገረኝ።

“እግረኛ ስታሳልፊ እጅሽን እንዳትሰጪ። ቁሚ፣ ጠብቂ፣ በቃ። ‘እለፍ’ ብለሽ ካወዛወዝሽለት አንቺን አምኖ መንገዱን ማየት ይተዋል። አንቺ ልትሰጪው የምትችይው ደግሞ የቆምሽበትን መስመር ብቻ ነው። በጎንሽ ምን እንደሚመጣ አታውቂም።”

“እሺ አባዬ።”

“እሺ አትበይኝ። እጅሽ የት ነው?”

“መሪው ላይ።”

“እዚያው ይቆይ።”

ጡረታ ሲወጣ መኪናዋን ለእኔ ሰጠኝ፤ ከጎኔ መቀመጡን ግን አልተወም።

ያን ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ አደባባዩን ዞሬ በዳቦ ቤቱ በኩል መጣሁ። አባዬ ዜብራው ጫፍ ላይ ቆሟል። ዳቦ የያዘ ፌስታል አንጠልጥሏል። ወደ ቤት ሊሻገር ነው።

መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ሁለት መስመር አለው። እኔ በቀኙ ነኝ፣ በእሱ በኩል። ቆምኩለት።

መኪናዋን አየና ለያት። እኔን አየኝ። ፊቱ በራ። ለእግረኛ የቆመችው የገዛ ልጁ ናት።

ግን ወዲያው አልገባም። እንደ ልማዱ፣ ሳይቸኩል፣ አንገቱን አስግጎ መንገዱን ማየት ጀመረ።

ከኋላዬ አንድ ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋ።

አንዴ።

ሁለቴ።

ከዚያ ሳያቋርጥ...

ፊቴ ቀላ። ቀኝ እጄን ከመሪው አነሳሁ። ፈገግ ብዬ “ና፣ እለፍ” አልኩት። አወዛወዝኩለት።

አባዬ መንገዱን ማየት ተወ።

የልጁ እጅ ነዋ።

ፌስታሉን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ትኩስ ነው ለማለት ይመስለኛል። ከዚያ ገባ። በፊቴ አለፈ... ሚኒባሱ ደግሞ ከኋላዬ ወጥቶ በግራዬ ሊቀድመኝ መጣ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አልጽፈውም።

ትራፊክ ፖሊሱ “የመኪናዋ አሽከርካሪ በአግባቡ ቆማለች” ብሎ መዘገበ። የሚኒባሱ ሾፌር ዜብራ ላይ በመቅደሙ ታሰረ። ሊያጽናኑን የመጡት ሁሉ እጄን እየያዙ “አንቺስ የሚገባሽን አድርገሻል፣ ቆመሽለታል” አሉኝ።

ያንኑ እጅ እየያዙ።



እናቴ ግን አንድ ጥያቄ ያዛት። “እንዴት ሳያይ ይገባል? እሱ? ሰው ሁሉ የሚስቅበት ሰውዬ?” ትላለች። ጥያቄውን ራሷ መለሰችው። “እኔ ነኝ። ሻይ ፈልቷል፣ ቶሎ ተመለስ ብዬ አቻኮልኩት። አፌን በቆረጠው።”

ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን ሻይ ተፈልቶ አያውቅም። ጀበናውም ማንቆርቆሪያውም መደርደሪያው ላይ ተደፍተው ቀሩ። እማዬ ጠዋት ጠዋት ባዶ ጠረጴዛ ላይ ክንዷን ዘርግታ ትቀመጣለች። በአምስት ወር ውስጥ ግማሽ ሆነች።

አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ያን ሸክም አነሳላት ነበር።

አምስት ወር ሙሉ አልተናገርኩም።

መኪናዋን እንደገና ከግቢ ያወጣኋት በአምስተኛው ወር ነው። ቁልፉን ከማስገባቴ በፊት ትንሿ ስፖኪዮ ወደ ፊቴ መዞሯን አየሁ። ከመንካካት የዞረች መሰለኝና ወደ ውጭ መለስኳት።

በማግስቱ ተመልሳ ወደ እኔ ዞራ ጠበቀችኝ።

ብሎኗን በመፍቻ አጠበቅኩ።

በሦስተኛው ቀንም... ዓይኔን ስታይ አገኘኋት። ከጎኔ ያለው ወንበርም እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል። አባዬ እግረ ረጅም ነበር፤ እንደዚያ የሚገፋው እሱ ብቻ ነው።

በአራተኛው ቀን ዜብራው ጋ ስደርስ አንድ ሰዓት ከሃያ ነበር። ከፊቴ ሰው የለም። መኪና የለም። እግሬ ነዳጅ ላይ ነው።

መኪናዋ ቆመች።

ድንገት ነጥቃ አይደለም። ለስለስ ብላ፤ ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቢቀመጥ ጠብ ሳይል። በዚህ ዓይነት የሚያቆማት አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።

ወደ ጎን አየሁ።

ሁለተኛው ፔዳል ወደ ታች ወርዷል። በላዩ ምንም የለም። ከሥሩ ግን የጎማው ምንጣፍ ጎድጉዷል... ተረከዝ ያረፈበት ያህል።

ፔዳሉ አንድ ሰው መንገድ የሚሻገርበትን ያህል ተረግጦ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳ።

በማግስቱም እንዲሁ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየረዘመ ሄደ። አሥር ቆጠርኩ። ሌላ ቀን ሃያ። ከኋላዬ ይነፋሉ፤ ፊቴ ይቀላል፤ መኪናዋ አትነቃነቅም።

መካኒክ ጋ ወሰድኳት። መካኒኩ የአባዬ የድሮ ተማሪ ነው። ተንበርክኮ በባትሪ ሲያይ ቆየና ቀና አለ።

“እህቴ፣ እየቀለድሽብኝ ነው?”

“ምነው?”

“ይሄ ፔዳል እኮ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ጋሼ ጡረታ ሲወጡ ዘንጉን የፈታሁት እኔው ነኝ። ሁለት ዓመት አለፈው።” በአንድ ጣቱ ጫን አለው። ፔዳሉ እንደተሰበረ ማጠፊያ ወዲያ ወዲህ አለ። “አየሽ? ባዶ ነው። ያኔ ልንቀለው ስል ‘ተወው፣ እግሬ ለምዶታል’ አሉኝ።”

አባዬ ሁለት ዓመት ከጎኔ ሲቀመጥ መኪናዋን የሚያቆምልኝ እሱ ይመስለኝ ነበር። ለካ ባዶ ፔዳል ሲረግጥ ነው የኖረው። የማቆማት ራሴ ነበርኩ።

ታዲያ አሁን ማን ነው?

“ልንቀለው?” አለኝ መካኒኩ።

“ተወው” አልኩ።

ባለፈው ማክሰኞ እማዬ የጉልበቷ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ነበራት። ሁልጊዜ በታክሲ ነበር የምትሄደው፤ መኪናዋን ማየት አትፈልግም። ያን ቀን ግን በሩ ላይ ቆማ “አንቺው አድርሺኝ” አለች።

ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ገባች። ወንበሩ ወደ ኋላ ተገፍቷል፣ እሷ ደግሞ አጭር ናት፤ እግሯ ምንም ሳይነካ ተንጠለጠለ።

“ምነው እንደ ሕፃን ሰቀልሽኝ?” አለች። ከአምስት ወር በኋላ የሰማኋት የመጀመሪያ ቀልድ ናት። ላስተካክልላት ጎንበስ ስል “ተይው፣ ቅርብ ነው” አለችኝ።

አደባባዩን ዞርን። ዳቦ ቤቱን አየሁት። ሰዓቱን አላየሁም፤ ማየት አላስፈለገኝም።

መኪናዋ ለስለስ ብላ ቆመች።

“ምነው? ሰው የለም እኮ” አለች እማዬ።

“እኔ አይደለሁም።”

ወደ ታች አየች። ፔዳሉ ተረግጧል። እግሮቿ ከእሱ አንድ ስንዝር ርቀው ተንጠልጥለዋል። ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሰበሰበቻቸው።

“እኔ አልነካሁትም...” አለች በሹክሹክታ።

“አውቃለሁ።”

ከኋላችን ጥሩምባ ተነፋ። አንዴ። ሁለቴ።

ትንሿ ስፖኪዮ ፊቴን ታያለች። ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ።

“እማዬ... ያቻኮልሽው አንቺ አይደለሽም።”

“ምን?”

“እኔ ነኝ። እያየ ነበር፤ ገና ግራውን እያየ። ጥሩምባ ነፉብኝና አፈርኩ። እጄን ሰጠሁት። እለፍ አልኩት።”

አልጮኸችም። ብትመታኝ በተሻለኝ።

“አንቺን አይቶ ነው የገባው?”

“አዎ።”

“ሳቀ?”

“ሳቀ። ዳቦውን አሳየኝ።”

የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ለቅሶ ላይ እንዳለቀሰችው አይደለም ያለቀሰችው። ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

“አምስት ወር” አለች በመጨረሻ። “አምስት ወር ሙሉ እያየሽኝ...”

አልጨረሰችውም። ማርሹ አጠገብ የነበረውን እጇን አነሳችና ጭኗ ላይ አደረገች። ከእኔ ራቅ አድርጋ።

ከተናገርኩ ፔዳሉ የሚነሳ መስሎኝ ነበር።

አልተነሳም።

ሠላሳ ቆጠርኩ። አርባ። ጥሩምባው ሳያቋርጥ ይነፋል። እማዬ እንባዋን ጠረገችና በቀኝ በኩል ወደ ዜብራው ጫፍ አየች። እኔም አየሁ። ባዶ ነው።

እሷ ግን ዓይኗን አልነቀለችም። የምታውቀው ሰው ስታይ እንደምታደርገው አንገቷን ዘንበል አደረገች።

“ፌስታሉን እንደያዘ ነው” አለች።

“እማዬ፣ እባክሽ...”

“መንገዱን አያይም። አንቺን ነው የሚያየው።”

“እማዬ!”

“እጅሽን እየጠበቀ ነው” አለች፤ ድምፅዋ ለመስማት እስኪያስቸግር። “ደክሞታል። አሳልፊው።”

“አልችልም። አላነሳም። ዳግመኛ አላነሳም።”

መሪውን በሁለት እጄ ጨምቄ ያዝኩ። ጣቶቼ እስኪነጡ።

የኋላው ጥሩምባ ድንገት ጸጥ አለ። የሆነ መኪና ከኋላዬ ወጥቶ በግራዬ ሲመጣ ሞተሩ ተሰማኝ።

ከጎኔ፣ ፔዳሉ ቀስ ብሎ መነሳት ጀመረ።

ቀና ብዬ ትንሿን ስፖኪዮ አየሁ።

ሁለቱም እጆቼ መሪው ላይ ናቸው። ስፖኪዮዋ ውስጥ ግን አንዱ እጄ ተነስቷል... ይወዛወዛል።

ፈገግ ብያለሁ።