የየካቲት ተራ

ስልኩ ላይ የወጣው ቁጥር ዜሮ ነበር።

ነአምን ዘግቶ ከፈተው። አሁንም ዜሮ።

«ጋሽ ገረሱ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከእኔ በፊት ቃላቱን ያየ ሰው አለ?»

ገረሱ መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ተቀበለው።

«ኔትወርክ ይሆናል።»

«ኔትወርክ አይደለም። ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቷል። ሁሉም።»

ገረሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከኪራይ ክፍሉ መስኮት፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ላይ፣ አንድ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ይታያል። ሲያገባ የሠራው ቤት ነው። ሚስቱ ስትታመም ለሕክምናዋ የሸጠው ቤት። ስምንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጥርሱን እየፋቀ የሚያየው ቤት። አሁን ባለቤቱ ሊሸጠው ነው፤ ለገረሱ እስከ ጥቅምት ሠላሳ እጠብቅዎታለሁ ብሎታል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ገዢ ተሰልፏል።

ቀኑ ጥቅምት አሥራ ሰባት ነበር።

ጣቢያ ሲሄድ መዝጋቢው ፖሊስ ብዕሩን አነሳ።

«ምን ተሰረቀብዎት?»

«ግማሽ ቢትኮይን።»

«ሌላው ግማሽስ?»

«ድሮም ግማሽ ነው ያለኝ።»

መዝጋቢው ጉዳዩን ወደ ኢንስፔክተር ሩታ አሻገረው። ሩታ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ ሃያ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ አገልግሎቷ ያገኘችው ነገር ቢኖር የወገብ ሕመምና የሰውን ነገር እስከ መጨረሻው የመስማት ትዕግሥት ነው። ወንበር ሰጠችው።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ስምንት ዓመት ነአምን ገና ሥራ የጀመረ የኮምፒውተር ልጅ ሳለ ከገረሱ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ነበር። ቤቱ ተሽጦ ሲለቅ የአራት ወር ኪራይ አልከፈለም። ብር ስላልነበረው ግማሽ ቢትኮይን ሰጠው። ያኔ ቢሸጥ ለበሽተኛዋ የሁለት ሳምንት መድኃኒት እንኳ አይገዛም ነበር። ነአምን የማስከፈቻውን አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አጻፈውና አስጠነቀቀው፦ ቃላቱን የያዘ ሰው ከየትም ስልክ ይከፍተዋል፤ አንድ ቦታ አይጻፉ፤ ለአንድ ሰው አይስጡ፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አይከፍትም።

«ታዲያ የት አስቀመጡት?»

«ማኅበርተኞቼ ዘንድ።»

ሩታ ቀና አለች።

«የኪዳነ ምሕረት ማኅበር አለን፤ በየወሩ በአሥራ ስድስት። አሥራ ሁለት ነን። ቃሉም አሥራ ሁለት ነው። እግዜር ያዘጋጀው መስሎኝ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ቃል አደልኩ። እኔም የራሴን ያዝኩ። ቅደም ተከተሉ ደግሞ የድግስ ተራችን ነው፤ የመስከረሙ አንደኛ፣ የነሐሴው አሥራ ሁለተኛ። እንዳልረሳው ብዬ።»

ሩታ ልትስቅ ፈልጋ ተወችው። የባንክ ሰዎች ቢሰበሰቡ ከዚህ የተሻለ ካዝና አያስቡም ነበር። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ገረሱ ማንንም አይጠረጥርም።

ጥቅምት አሥራ ስድስት ማኅበሩ አቶ አካሉ ቤት ተደገሰ። ገረሱ ቤቱን ሊገዛ ነውና ቃላቱን አምጡልኝ አለ። አሥራ አንዱም ስማቸው የተጻፈባቸውን ወረቀቶች አመጡ። የራሱን ጨምሮ በማኅበሩ ሙዳይ ከተታቸውና ነአምን ጠዋት እስኪመጣ ድረስ እዚያው አካሉ ቤት ተዋቸው።

«ለምን ይዘውት አልሄዱም?»

«ከማኅበር ሙዳይ ማን ይሰርቃል፣ ልጄ?»

ሩታ መጀመሪያ የያዘችው ነአምንን ነው።

«ቃላቱን የፈጠርከው አንተ ነህ።»

«ስልኩ ነው የፈጠራቸው። እኔ አጻፍኳቸው።»

«ለራስህስ አላስቀረህም?»

ነአምን በመከፋት ሳቀ። «አስቀርቼ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ የሰው ቤት እከራያለሁ? ዋጋው ሰማይ በነካ ጊዜ ሁሉ ጋሽ ገረሱን ሳስብ እንቅልፍ አጣ ነበር። በእጄ የነበረ ነገር እኮ ነው።»

ሩታ አመነችው፤ በሳቁ አይደለም። ቃላቱን የያዘ ሰው ስምንት ዓመት ጠብቆ ወረቀቶቹ በተሰበሰቡበት ምሽት አይሰርቅም። ሌባው ወረቀቶቹን ያየው ያን ዕለት ነው።

ያን ዕለት ሙዳዩ የነበረው አካሉ ቤት። የአካሉ ልጅ ደግሞ ሊሊሳ ነው።

ሊሊሳን ላይ ሰፈር የማያውቀው የለም። ቀን የሜትር ታክሲ ይነዳል፤ የቀረውን ጊዜ «የላይ ሰፈር ሚሊየነሮች» የሚባል የቴሌግራም ግሩፕ ያስተዳድራል። አባላቱ ከአራት መቶ ይበልጣሉ፤ ሚሊየነር ግን አንድም የለም። ሩታ ከሰዓቱን ሙሉ አነበበችው።

«ቢሊየነሩ ሰውዬ ዛሬ ስለ ኮይን ጽፏል፤ ነገ ዋጋው ይነሳል!»

«ሀብቱ በአንድ ቀን ስንት ቢሊዮን ጨመረ አሉ። የእኔ ካርድ አልቋል፤ የሚልክልኝ አለ?»

«ያኔ በሺህ ብር ብቻ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ...»

«ዱባይ ያለው ቤቱን አያችሁት? ሽንት ቤቱ ከእኛ ግቢ ይሰፋል።»

ሁሉም ቢሆን ኖሮ ይላል። አንዱ ቤት፣ አንዱ መኪና፣ አንዷ ለእናቷ ሐኪም ትመኛለች። የማያውቁት ሀብታም ቁርስ ምን እንደበላ ያውቃሉ። ሩታ ስልኩን አስቀመጠች፤ እሷም የኮንዶሚኒየም ዕጣ ስትጠብቅ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው።

ሊሊሳ ጣቢያ ተጠርቶ ቀረበ።

«ሙዳዩን ከፍተሃል?»

«እኔ?»

«አንተ።»

ሊሊሳ በእጁ የያዘውን ስልክ ኪሱ ከተተ።

«ሊሊሳ፣ አባትህን ከምጠይቅ ብትነግረኝ ይሻላል።»

«ከፍቻለሁ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ፎቶ አነሳሁት። ሞከርኩት። አልከፈተም!»

«እንዴት አልከፈተም?»

«የአባቴ የማኅበር ደብተር ላይ ተራው አለ። ስም በስም ደረደርኩት። ስህተት ነው አለኝ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ተውኩት። ይኸው እይው፣ ስልኬ ላይ አለ።»

ነበረ። ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ሦስት ሙከራ፣ ሦስት ስህተት።

«ለሌላ ሰው ልከሃል?»

«እግዚአብሔርን፣ አልላኩም። ብሩ ደግሞ ከተወሰደ ወዲህ አልተነካም እኮ! የሄደበት አድራሻ ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ይታያል። እኔ በየሰዓቱ ነው የማየው። ዋጋው ሲወጣ አልሸጠ፣ ሲወርድ አልሸጠ። ምን ዓይነት ሌባ ነው ይሄ?»

ጥያቄው ሩታን ያዛት። ምን ዓይነት ሌባ ነው?

ጥቅምት ሃያ ስምንት ቀን ገረሱንና ነአምንን ቢሮዋ ጠራች። አሥራ ሁለቱን ወረቀቶች በደብተሩ መሠረት ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ነአምን አስገባቸው። ስህተት።

«ሊሊሳ አልዋሸም፤ የደብተሩ ተራ አይከፍትም» አለች። «ጋሽ ገረሱ፣ አሁን እርስዎ ይደርድሩ። ደብተሩን ሳያዩ።»

ገረሱ ጣቱን እየላሰ ደረደረ። አካሉ ሁለተኛ፤ ገብረ ክርስቶስ ሦስተኛ፤ ዋቅቶላ አራተኛ። እጁ አላመነታም። ሲጨርስ ነአምን አስገባ፤ ባዶው ካዝና ተከፈተ።

ሩታ ጎንበስ ብላ ሁለቱን አሰላለፎች አስተያየች። ሁለት ወረቀቶች ብቻ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ስድስተኛውና ዘጠነኛው።

«ደብተሩ የካቲት የእርስዎ፣ ግንቦት የአከራይዎ የወይዘሮ አያንቱ ነው ይላል። እርስዎ ገለበጡት። ለምን?»

«ያን ዓመት እንዲያ ነበር። ባለቤቴ አልጋ ላይ ናት። የካቲት አሥራ ስድስት ደግሞ ክብረ በዓሉ ነው፤ ድግሱ ከባድ ነው። አያንቱ መጣችና አንተ እሷን አስታም፣ ያንተን ተራ እኔ እወጣለሁ አለችኝ። እኔ የእሷን ግንቦት ላይ ደገስኩ፤ ያኔ ባለቤቴን ቀብሬ አያንቱ ግቢ ተከራይቼ ነበር። ደብተሩን ማንም አላረመውም።»

«አቶ አካሉን ጠይቄያቸዋለሁ፤ አያስታውሱም። ሌሎቹም አያስታውሱም።»

«ስምንት ዓመት እኮ ነው። ማን ያስታውሳል?»

«እርስዎ ግን አልረሱም።»

«እኔማ እንዴት እረሳለሁ! እኔና...»

ገረሱ የአያንቱን ወረቀት አየ። ሩታ አልገፋችውም። ከአካሉ ሚስት አስቀድማ ሰምታለች፤ ያን ምሽት ሰው ሁሉ ሲሄድ አያንቱ ዕቃ ላጥብ ብላ ቀርታ ነበር፤ ሙዳዩ ካለበት ጓዳ።

«አይሆንም» አለ ገረሱ። «ሌላ ሰው ይሆናል። እባክሽ ልጄ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ።»

ሾላ ገበያ፣ የበርበሬ ተራ። ሩታ ከመግባቷ አስነጠሳት። አያንቱ ሚዛኑ ፊት ተቀምጣለች፤ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሻሿ በርበሬ ጠጥቷል። አጠገቧ ካለው ስልክ ሊሊሳ ድሮ ግሩፑ ላይ የላከው ድምፅ ይሰማል፤ ስለ «አሥራ ሁለቱ ቃላት» ያስተምራል።

አያንቱ ሩታን አየች። ከኋላዋ ገረሱን አየች። ስልኩን አጠፋችው።

«እርስዎም ሚሊየነሮቹ ውስጥ ነዎት?» አለች ሩታ።

«ሁለት ዓመቴ። ተናግሬ አላውቅም፤ በርበሬ እየመዘንኩ እሰማለሁ።» መቀነቷን ፈታችና ሌላ ትንሽ ስልክ አወጣች። «የምትፈልጊው ይሄ ነው። ሁሉም እዚያው አለ፤ አልነካሁትም።»

«ለምን ወሰዱት?»

አያንቱ ለሩታ አልመለሰችም። ወደ ገረሱ ዞረች።

«ኅዳር አንድ ቀን ልመልስልህ ነበር።»

«ኅዳር አንድ?» አለ ገረሱ። «ቤቱ እኮ በሠላሳ...»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው።»

በርበሬ ሊገዙ የቆሙ ሁለት ሴቶች ራቅ አሉ፤ ብዙ ግን አልራቁም።

«ስምንት ዓመት በሬን አንኳኩተህ ደህና አደርሽ ትለኛለህ» አለች። «ቤት ስትገባ ኮቴህን ከዳገቱ ጀምሬ አውቀዋለሁ። ተጣልተን በኦሮምኛ እንሰዳደባለን፤ ታርቀን እንስቃለን። ከዚያ ደግሞ በመስኮት ያን ቤት ታያለህ። ጠዋት ጠዋት። እኔ ከጀርባህ ቆሜ አንተ ያን ቤት ታያለህ።»

«አያንቱ...»

«እዚያ ከገባህ ከእሷ ጋር ነው የምትኖረው። አልጠላትም፤ ወዳጄ ነበረች። የካቲትን የተሸከምኩት ለእሷም ብዬ ነው። ግን እሷ ሞታለች፣ ገረሱ። እኔ አለሁ።»

ሩታ ብዙ ሌባ ይዛለች። ስለ ረሃብ፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ቅናት ሰምታለች። አንድ ሰው ጎረቤቷ ሆኖ እንዲቀር ሚሊዮኖች የደበቀች ግን አላጋጠመቻትም። አዘነችላት፤ ካቴናውንም ከቦርሳዋ አላወጣችውም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ገረሱ።

«ነግሬህ ቢሆን ትቀር ነበር?»

ገረሱ ሚዛኑን ተመለከተ። አያንቱ በርበሬውን በጆንያ ከደነችና ተነሳች።

መኪናው ጋ ሲደርሱ ገረሱ ሩታን በክንዷ ያዛት።

«ክሴን አነሳለሁ።»

«ስርቆት ነው፣ ጋሽ ገረሱ። የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ዓቃቤ ሕግ ያየዋል። ሃሳብዎን ይጻፉ፤ ይረዳታል።»

«ገንዘቡስ?»

«ስልኩ ኤግዚቢት፣ ማስረጃ ነው። ጉዳዩ እስኪያልቅ አይለቀቅም።»

«እስከ ሠላሳ...»

«እስከ ሠላሳ አይደርስም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አያንቱ ከመኪናው ውስጥ ሰማች። ያሰበችው ተሳክቶላታል። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

ጥቅምት ሠላሳ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የጣቢያው በር ላይ የታሳሪ ቤተሰቦች ምግብ ይዘው ተሰልፈዋል። ገረሱ ሰባተኛ ነበር። ራሱ የሠራውን ሽሮ በሳህን ይዟል፤ ቀጭን እንደሆነ ያውቃል፤ ከዚህ የተሻለ አይችልም።

ስልኩ ጠራ። ደላላው ነው።

«ጋሽ ገረሱ፣ ሰውዬው ከሌላኛው ገዢ ጋር ሊፈራረም ነው። ቀብድ ቢጤ ካለዎት አሁኑኑ ይምጡና እኔ እለምነዋለሁ። አንድ ሰዓት አስጠብቄዋለሁ።»

ገረሱ ሰልፉን አየ። ከፊቱ ሁለት ሰው ቀርቷል። ዳገቱን በታክሲ ቢወጣ ሃያ ደቂቃ ነው። ማኅበርተኞቹን ቢያስቸግር ቀብድ አያጣም። እግሩ ግን አልተነሳም። ለምን እንዳልተነሳ ሲገባው ራሱም ደነገጠ።

«ይፈራረሙ» አለ። «ይባረክላቸው።»

ተራው ደረሰ። በሩ ላይ ያሉት ሽማግሌ ኮንስታብል ሳህኑን ከፍተው አዩ፤ ሽሮውን በማንኪያ አማሰሉ፤ ደብተራቸውን ገለጡ።

«ለማን ነው?»

«ለአያንቱ። የበርበሬዋ።»

«የእርስዎ ስም?»

«ገረሱ።»

ኮንስታብሉ ብዕራቸውን አቆሙ። ስሙን የሆነ ቦታ አይተውታል።

«ከሳሹ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ።»

«እኔ የምሞላው ለታሳሪዋ ምኗ እንደሆኑ ነው። ከሳሽ የሚባል ቦታ የለኝም። አከራይ ናት? ጎረቤት? ምን ልበል?»

ከኋላ ያሉት ሰዎች ምግቡ በረደ እያሉ አጉረመረሙ። ገረሱ ሳህኑን በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘ። ከዚያ ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ አፍሮ የማያውቀው ሰውዬ እንደ ልጅ ፊቱ ቀላ።

«ቤተሰብ ብለው ይጻፉ» አለ።