በመደቅ ወይስ በደር

«አትቸኩዪ፣ ልጄ» አሉ ግራዝማች አድማሴ።

ማሬ ግን የሰንጠረዥ ፈረሷን አውጥታ፣ ከትናንሾቹ ጠጠሮች ከመደቆቿም ሁለቱን ገፍታ ነበር። በሰንጠረዥ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ባሻቸው ፍጥነት ያሰልፋሉ። እሷ ደግሞ ቀና ብላ ፊታቸውን ላለማየት እጇን ሥራ ማስያዝ ፈልጋለች።

ቀዩ የሰንጠረዥ ጨርቅ የተዘረጋው ደብረ ማርቆስ ዳር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ከጽድ ጥላ ሥር ነው። ጣሊያን ቁይ ከሚባለው ቦታ በታች ያለ መንደር አቃጥሎ፣ ከሞት የተረፉት ሕፃናት እዚሁ ደጀ ሰላም ተጠልለዋል። የሚቀምሱት እህል የለም። በአካባቢው ጎተራው ሙሉ የሆነ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ለጣሊያን ያደሩት ግራዝማች አድማሴ። የቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ሄደው ቢለምኗቸው፣ «የደርቤ ልጅ ሰንጠረዥ ትችላለች አሉ። በሰው ፊት ከረታችኝ ጎተራዬን ለልጆቹ እከፍታለሁ» ብለው መለሱ።

ደርቤ የማሬ አባት ነው። እሱና ግራዝማች በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ሰንጠረዥ የሚጫወቱ የልብ ወዳጆች ነበሩ። ጣሊያን ሲመጣ እሱ ጫካ ገባ፣ እሳቸው ገበሩ። አምና ሲማረክ ስሙን ደበቀ፤ ተራ ገበሬ ነኝ ብሎ ሊያመልጥ ጥቂት ቀርቶት ነበር። «ታውቀዋለህ?» ተብለው የተጠየቁት ግራዝማች ናቸው። «አዎ፣ ደርቤ ነው» አሉ። ጣሊያኖች ገበያ መሃል ሰቀሉት።

«ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ከሳቸው ጋር አልጫወትም!» ብላ ነበር ማሬ። እናቷ ሸጊቱ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ «የኔስ ሆድ መቼ እሺ አለ? ግን ልጆቹ ምን በደሉ?» አለቻት። ለልጆቹ ብላ ነው የመጣችው።

ከመጣች ወዲያ ግን ልታዋርዳቸው ቆርጣለች። መደቃቸውን ስትበላ ተመልካቹ ጮኸ። ሰንጠረዥ ዝም ተብሎ አይታይም፤ ያልተጠየቀ ሁሉ ይመክራል።

«ፈረሱን፣ ፈረሱን በዪው!»

«ግራዝማች፣ ዛሬስ ጉድዎ ፈላ!»

ፈረሳቸው በእርግጥም ያለ ጠባቂ ቆሟል። በላችው። ቀጥለው ንጉሣቸውን ከመሸሸጊያው አወጡት። ማሬ እጇን ገታች። አባቷ «አድማሴን ማታለል ዘበት ነው» ይል ነበር። እኚህ ሰው እንዲህ አይሳሳቱም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ያን ቀን ፈርቼ ነው፣ ልጄ» አሉ፣ ከእሷ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ።

ጨርቁን ሳብ አድርጋ ጠጠሩን ሁሉ ብትበትነው ደስ ባላት። በእውነት ተጫውታ ልትነጥቃቸው የተመኘችውን ድል፣ እሳቸው ራሳቸው ሸልመው እየሰጧት ነው።

«በመደቅ! በመደቅ ጨርሺው!» አለ ሕዝቡ።

መደቅ ከጠጠሮቹ ሁሉ ታናሹ ነው። በእሱ ንጉሥ የያዘ ስሙ ይነሣል፤ ጨዋታው አምሯልና ተሸናፊውም አይከፋም፤ ተነሥቶ አሸናፊውን ይስማል። በደር መርታት ግን የማንም ነው። ደር ከዳር እስከ ዳር የሚሮጥ ጉልበተኛ ስለሆነ፣ በእሱ ለረታ እልል የሚል የለም። ግራዝማች የንጉሣቸውን በር ለመደቋ ከፍተው ይጠብቃሉ። ገፋ ብታደርገው እልልታው ይቀልጣል፣ ይስሟታል፣ አገሩም «ታረቁ» ይላል።

ከደጀ ሰላሙ አንድ ሕፃን አለቀሰ። ማሬ መደቋን ነካችው። እናቷን ፈለገች፤ ሸጊቱ መሬት መሬቱን ታያለች።

እጇን ከመደቁ አነሣችና ደሯን ከዳር ስባ ከንጉሣቸው ፊት ገተረችው። መሸሻ የለውም።

ሕዝቡ አጉረመረመ። «ምነው፣ ልጅት! ያን የመሰለ መደቅ ቆሞልሽ?» አለ አንዱ።

ግራዝማች የተረታውን ንጉሣቸውን በጣታቸው አስተኙት።

«መደቁን ትቼልሽ ነበር እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

«አይቻለሁ» አለች ማሬ። ተነሥታ የቀሚሷን አቧራ አራገፈች። «ጎተራዎን ይክፈቱ፣ ግራዝማች። ልጆቹ ርቧቸዋል።»