ፍልቅልቅ የቀረጸችው የሰማይ ብርሃን

ልጆች፣ እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ሳቅ ስለማይጠፋት ሁሉም ፍልቅልቅ ይሏታል። ቤታቸው የእናቷ የልብስ ስፌት ክፍልም ነው። እናት ትሰፋለች፤ እሷና ትንሽ ወንድሟ ማሙሽ ጨርቅ መሃል ይጫወታሉ።

አንድ ቀን መሸት ሲል፣ ፍልቅልቅ በእናቷ ስልክ በመስኮቱ በኩል ሰማዩን ቀረጸች። ወይ ጉድ! ከጣሪያዎቹ በላይ ክብ ብርሃን ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥ ይላል፤ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። በማግስቱ ለጓደኞቿ አሳየቻቸው።

«ከሌላ ዓለም የመጣ በራሪ ነገር ነው!» አሉ። ትልልቆቹ ሳይቀሩ «በናትሽ፣ አንዴ አሳዪን» እያሉ ለመኗት። እሷም ኩራት በኩራት ሆነች።

ብቻዋን ስትሆን ድምፁን ከፍ አድርጋ ደግማ አየችው። የስፌት መኪናው ትርርር ሲል ብርሃኑ ይንቀጠቀጣል። መኪናው ሲቆም እሱም ይቆማል። ለካ የመስኮቱ መስታወት ላይ ያንጸባረቀው ከስፌት ጠረጴዛው ጋር የታሰረው አምፖል ነው!

ተናገረች? የት አባቷ! አንተ ከኋላ ያለኸው፣ አትሳቅ። ያን ሁሉ ሙገሳ ብታገኝ አንተም ጭጭ ነበር የምትለው።

ማሙሽ ግን ወሬውን ሰምቶ ክፉኛ ፈራ። ደጅ መውጣት ተወ፤ ምግብም እምቢ አለ። እናት «ምን ነካብኝ ልጄን?» እያለች ግንባሩን ትዳስሳለች። አንድ ቀን ፍልቅልቅ ጠረጴዛው ሥር ተደብቆ አገኘችው።

«እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«ከሌላ ዓለም የሚመጡትን እየጠበቅኩ ነው። ሲመጡ ‹እህቴን ተዉአት፣ እኔን ውሰዱኝ› እላቸዋለሁ።»

ፍልቅልቅ እቅፍ አድርጋው ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«ማሙሽዬ፣ ማንም አይመጣም። አምፖል ነው! እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት። ይቅር በለኝ።»

ሲመሻሽ «እማዬ፣ እስቲ ስፊ» አለቻት። እናት መኪናውን ረገጠች፤ መስታወቱ ላይ ያ ብርሃን ተንቀጠቀጠ። ማሙሽ አምፖሉን ሲያጠፋው የሰማዩም እንግዳ ድርግም አለ።

«ጉድ በል! ቀሚስ የምሰፋ መስሎኝ የጠፈር መንኮራኩር ስነዳ ኖሬያለሁ?» አለች እናት። ማሙሽ በሳቅ ፍርስ አለ፤ ራቱንም ጥርግ አድርጎ በላ።

በማግስቱ ፍልቅልቅ ለጓደኞቿ እውነቱን ነገረቻቸው። አሾፉባት፤ እሷም አፈረች። ማሙሽ ግን ደጅ ወጥቶ ኳስ እያባረረ ነበር።

ልጆቼ፣ ያያችሁትን ሁሉ ሳትመረምሩ አታውሩ፤ ስህተታችሁን ስታውቁ ደግሞ ቶሎ ተናገሩ፣ እግዚአብሔር እውነትን ይወዳልና።