ያልመጣው ማዕበል

ሮይስ ቲሌትን የገደለው ሰው አንዴ መትቶ አልተወውም። መርማሪዋ ኢዶና ሚጀት ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ መጀመሪያ ያስተዋለችው ይህንን ነው። ሽማግሌው በሥራ ክፍሉ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሏል። የግንባሩ አጥንት ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ ደሙ ግድግዳው ላይ እስከተሰቀሉት የአየር ካርታዎች ድረስ ተረጭቷል። ለአውሎ ነፋሱ ብሎ መስኮቶቹን በኮምፔንሳቶ ሲያሽግበት የዋለው መዶሻ ፀጉር ተጣብቆበት እግሩ ሥር ወድቋል።

ሮይስ ዝም ብሎ አልሞተም። የቀኝ እጁ ጣቶች አንጓ ተሰነጣጥቋል፤ በአንደኛው ቁስል ውስጥም አንዲት ነጭ ስብርባሪ ተሰክታለች። አብሯት የመጣው ሐኪም በወረንጦ አውጥቶ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ጨመራት።

«መቼ ነው የሞተው?»

«ትናንት፣ ከቀትር በኋላ እስከ ምሽት ባለው ጊዜ። ከዚህ በላይ አታስጨንቂኝ።»

ኢዶና ዙሪያውን ቃኘች። መስኮቶቹ ሁሉ ስለታሸጉ ክፍሉ በጠራራ ፀሐይም ያለ መብራት ጨለማ ነው። ባሕሩ ከደጅ ቢሆንም አይታይም። ጩኸቱ ግን ዛሬ የቤቱን የእንጨት ቋሚዎች ያንቀጠቅጣል። የሮይስ ኮምፒውተር እንደበራ ነው፤ የመጨረሻው ትንበያ ተከፍቶ ይታያል፦ አውሎ ነፋስ ኮርዴሊያ የምትልከው ማዕበል ትናንት ከቀትር በኋላ ይደርሳል፤ ከሰው ቁመት እጥፍ ይሆናል።

በሰሌዳ ላይ ቆመው ማዕበል የሚጋልቡት የሃተራስ ደሴት ሰዎች ለዓመታት የኖሩት በትንበያ አዋቂው በሮይስ አፍ ነው። አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሥራቸውን ጥለው፣ ሰሌዳቸውን መኪና ላይ ጭነው፣ እሱ ያለው ቦታ ይሰለፋሉ። አንዳንዴ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ነፋሱ ባሕሩ መሀል አቅጣጫውን ይቀይርና ሲራገሙ ይውላሉ። አምና ግን ነገሩ ከርግማን አለፈ። ትንበያው «እስከ ጉልበት» ያለው ማዕበል ቤት አክሎ መጣ፤ ኮልት ግሬይ የሚባል ወጣት አሸዋው ላይ ተፈጥፍጦ ማጅራቱ ተሰበረ፤ ሽባ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሮይስ መኪና ጎማ ሁለት ጊዜ በቢላ ተቀዷል።

ኢዶና ትናንት ፍርድ ቤት ተጠርታ ከደሴቱ ውጭ ነበረች። ስለዚህ ማን የት እንደዋለ ከመጠየቅ ጀመረች።

መጀመሪያ የሄደችው ኪፕ ኦስቲን ቤት ነው። ኪፕ የሮይስ ረዳት ነው፤ ሮይስ በስልክ የሚነግረውን ትንበያ ለሕዝቡ የሚያወጣው እሱ ነው። በሩን ሲከፍት የላይኛው ከንፈሩ አብጦ፣ የፊት ጥርሱ ለሁለት ተሰብሮ አየችው።

«ምን ነካህ?»

«የገዛ ሰሌዳዬ ነው፣ ሚስ ኢዶና። ትናንት ሰሜን በኩል፣ የተሰበረው መርከብ ጋ ብቻዬን ነበርኩ። ከሰው ቁመት እጥፍ የሆነው ማዕበል ጭንቅላቴ ላይ ሲከነበል ሰሌዳው ተመልሶ አፌን አለኝ።»

«እስከ ስንት ሰዓት ቆየህ?»

«እስኪጨልም። ሮይስ ለአንድ ቀን እንኳ ልክ ሆኖ፣ ሳያየው ሞተ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ማን የሚጠላው ይመስልሃል?»

«የማይጠላው ማን አለ? ግን … የኮልት አባት፣ ሚስተር ዴልበርት። እሁድ እሁድ ኮልትን በዊልቸር ወደ ባሕር የምወስደው እኔ ነኝ። እዚያ ቤት ሲዝት የምሰማውን እርስዎ ቢሰሙት ይዘገንንዎታል።»

ሁለተኛዋ ማረን ኤተሪጅ ነበረች። የሰሌዳ ሱቅ አላት። ባለፈው ሳምንት ትንበያው ተሳስቶ ያዘጋጀችው ውድድር ሲበላሽባት፣ ሮይስን ሰው ፊት በቡጢ አፍንጫውን ብላዋለች።

«አዎ፣ መታሁት» አለች ክንዷን አጣምራ። «ደግሞ ደስ ብሎኛል። ወይም ደስ ብሎኝ ነበር ልበልሽ።»

«ትናንትስ የት ዋልሽ?»

«የባሕር መብራት ማማው ጋ፣ ከግማሽ መንደሩ ጋር። ባሕሩ እንደ ሳህን ዝርግ ብሎ ዋለ። እስኪመሽ ጠብቀን፣ የሮይስን ዘር ማንዘር ረግመን ገባን። ማዕበሉ የመጣው ዛሬ ሲነጋጋ ነው።»

«ኪፕ ግን መርከቡ ጋ ትልቅ ማዕበል ነበር ይላል።»

«ሊሆን ይችላል። ማማው ፊቱን ወደ ደቡብ ነው የሰጠው፤ መርከቡ ያለበት የምሥራቁ ዳርቻ ሌላ ዓለም ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስመታው ምን አለኝ መሰለሽ? ደሙን እየጠረገ፣ ‹የኮልት ቀን ትንበያ ከእኔ አፍ አልወጣም› አለ። ሰበብ መስሎኝ ደገምኩት።»

ዴልበርት ግሬይን ግቢው ውስጥ ዓሣ ሲቀድ ነው ያገኘችው። እስከ ክርኑ ደም በደም ሆኗል። አጠገቡ የተከመረው መረብ ውኃ ያንጠባጥባል፤ የተጠላለፈበት የባሕር ሣር ገና አልጠወለገም።

«ልትይዢኝ ከሆነ ቢላዋዬን ልጠብ» አላት ቀና ሳይል። አብረው ነው ያደጉት።

«አንተ ነህ የገደልከው?»

«ሰው ቀደመኝ።» የዓሣውን ጭንቅላት ቆርጦ ወረወረው። «ሮይስ ትናንት ጠዋት ደወለልኝ። ‹ነገ ና፣ ስለ ኮልት የምነግርህ አለ› አለኝ። ከመጣሁ በመረብ ጠቅልዬ እንደማሰጥመው ነግሬው ዘጋሁት።»

«ከዚያስ?»

«አውሎ ነፋሱ ሳይበጣጥስብኝ መረቤን ላወጣ ሄድኩ። መርከቡ ጋ ነው የዘረጋሁት። ጀልባዋን ከአሸዋው ገፍቼ ገባሁ፤ ስወጣ ጨልሟል።»

«ብቻህን?»

«ከማን ጋር ልሂድ ኖሯል? ረዳቴ ልጄ ነበር፤ እሱ አልጋ ላይ ነው።»

ኢዶና ጎንበስ ብላ ከዓሦቹ የአንዱን ስንጥብ ገለጠች። ቀይ ነው፤ ዓሣው አልቆየም። ጀልባዋን ዞራ አየቻት፤ አንድ ሰው የሚገፋት፣ ጎኗ ዝቅ ያለ፣ ትንሽ ጀልባ ናት።

በማግስቱ ሦስቱንም ማረን ሱቅ ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ። ዴልበርት ግድግዳውን ተደግፎ፣ ኪፕ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ማረን ከባንኮኒው ጀርባ ሆና ጠበቋት።

«ሦስታችሁም ልትጠሉት ትችሉ ነበር» አለች ኢዶና። «ስለዚህ ጥላቻውን ትቼ ባሕሩን ጠየቅኩ። ማረን ዝርግ ነበር አለችኝ፤ ኪፕ ከሰው ቁመት እጥፍ ነበር አለኝ። የተለያየ ዳርቻ ነውና ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ዴልበርት ግን የነበረው ኪፕ ነበርኩ ያለበት ቦታ ነው።»

«ዋሽቶ ይሆናል» አለ ኪፕ።

«ትናንት ሳየው መረቡ እርጥብ፣ ዓሣው ትኩስ ነበር። ከባሕር መውጣቱ አያጠራጥርም። ከሰው ቁመት እጥፍ ማዕበል ውስጥ ያችን ጀልባ ብቻውን ገፍቶ የሚገባ ቢኖር፣ ዛሬ የምንፈልገው ሬሳውን ነበር። ማዕበሉ የመጣው ትናንት ሲነጋ ነው፣ ኪፕ። ይህን ያላወቅከው፣ ከትናንት በስቲያ ከቀትር በኋላ መስኮቱ በታሸገ ክፍል ውስጥ ስለነበርክ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን አነበብክ፤ ትናንት ጠዋት ባሕሩ ሲጮኽ ሰማህና ትንበያው የደረሰ መሰለህ።»

ኪፕ ከንፈሩን በእጁ ሸፈነ።

«ያ ከንፈርህም አንድ ማስረጃ ነው» አለችው። «ማዕበል ከሌለ ሰሌዳ አልመታህም። ሌላ ነገር ነው የመታህ። ሐኪሙ ከሮይስ ጣት ያወጣው ጥርስ ነው።»

«ለምን?» አለች ማረን። «እንደ ልጁ ነበር የሚያየው።»

«የኮልት ቀን ትንበያ ከአፉ እንዳልወጣ ላንቺ ነግሮሻል። በሮይስ አፍና በሕዝቡ ጆሮ መሀል የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ዴልበርትን ና ያለው ይህንኑ ሊነግረው ነው።»

ኪፕ አቀረቀረ። ሲናገር ድምፁ በተሰበረው ጥርሱ መሀል ያፏጫል።

«ሰው እንዳይመጣ ብዬ ነው። ትልቅ ነው ከተባለ ከየከተማው ይጎርፋል። ትንሽ ነው ካልኩ ባሕሩ ለእኔ ብቻ ይቀራል። ኮልት ይገባል ብዬ አላሰብኩም።» ወደ ዴልበርት ሳያይ ቀጠለ። «ሮይስ ዓመት ሙሉ ራሱ የተሳሳተ፣ የጃጀ መስሎት ነበር። ከውድድሩ በኋላ ነው የነቃብኝ። ለዴልበርት አትንገር ብዬ ለመንኩት። በቡጢ አለኝ። መዶሻው ጠረጴዛው ላይ ነበር።»

ዴልበርት ከግድግዳው ሲነሳ ማንም አላየውም። በርጩማውን ከነኪፕ ገለበጠው፤ በጉልበቱ ደረቱን ተጭኖ ፊቱን ደጋግሞ መታው። የሚሰማው የሥጋና የአጥንት ድምፅ ብቻ ነው። ኢዶና እና ፖሊሱ ሁለት እጁን ይዘው ሲጎትቱት ኪፕ በደም ታፍኖ ያጓራ ነበር።

«በቃ፣ ዴል» አለችው ጆሮው ላይ። «ኮልት የሚያነሳው ሰው ያስፈልገዋል። አንተም ከታሰርክ ማን ያነሳዋል?»

ያን ጊዜ ላላ።

እስከ ቤቱ በመኪናዋ ወሰደችው። መኪናዋ ስትቆም ኮልት በተከፈተው መስኮት ተጣራ።

«አባዬ፣ ኪፕ አብሮህ ነው? ማዕበሉ እኮ መጥቷል። ሊወስደኝ ቃል ገብቶልኛል።»

ዴልበርት ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ለመነሳት ሁለት ጊዜ ሞከረ። ኢዶና በብብቱ ገብታ አነሳችውና አብራው ገባች።