አረንጓዴው ቆርቆሮ

ማኅሌት የንግግር ወረቀቷን እንደያዘች በቆርቆሮው ቀዳዳ ወደ ሐይቁ አጮለቀች። የአያ ገድሉ ታንኳ ደንገሉ ሥር ታስራለች። ትናንት ከውኃው ብቅ ይል የነበረው ጠርዟ ዛሬ ከውኃው እኩል ሆኗል።

«ነይ እንጂ፣ ሊጠሩሽ ነው» አለች የክፍል ጓደኛዋ ኪዲ ክንዷን እየጎተተች። «እንዲህ ፏ ብለሽ መጥተሽ ቆርቆሮ ታቅፊያለሽ?»

ቆርቆሮው አረንጓዴ ተቀብቶ ቅጠል ተስሎበታል። ቆርቆሮ ግን ቆርቆሮ ነው፤ ቀለም ስለነካው አይለመልምም። ከፋሲካ ወዲህ የድሮውን ወደብ ግቢ ከነድንጋይ መጋዘኑ፣ ከነዋርካው፣ ከነቀበሌ ቤቱ፣ በቤቱ ካሉትም ሰዎች ጋር አጥሮ ይዞታል። በሐይቁ በኩል አንዲት ትንሽ በር ነበረች። እሷም በዚህ ሳምንት ተቆለፈች። ቁልፏ ያለው የግንባታው ተቆጣጣሪ በሆነው በማኅሌት አባት በግሩም ኪስ ነው።

ሥራው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ክፉ ነው ያለ ዋሸ። መጋዘኑ ሳይፈርስ ታድሶ ቤተ መጻሕፍት ይሆናል። ከጎኑ ባለ አራት ፎቅ ቤቶች ይሠራሉ፣ ዋርካው አይነካም፣ የብስክሌት መንገዱ እስከ ፔዳ ካምፓስ ይደርሳል፣ አውቶቡስ ደጅ ድረስ ይመጣል። ማኅሌት ከወንድሞቿ ጋር አንድ ክፍል ታጭቃ ታድራለች፤ ጠዋት ጠዋት ሽንት ቤት ለመግባት ከጎረቤቱ ሁሉ ጋር ትሰለፋለች። የራሷ ክፍል፣ የራሷ መስኮት ያምራታል። የወጣቶቹን ንግግር የጻፈችውም ማንም ሳያስገድዳት ነው።

ታንኳ ግን ውኃ ውስጥ አያድርም። ከደንገል ቄጠማ የታሰረ ነው፤ ማታ ማታ ተጎትቶ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ካልቆመ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ኋላም ይበሰብሳል። የአባቷ ታላቅ ወንድም አያ ገድሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታንኳቸውን የሚያቆሙት መጋዘኑን አስደግፈው ነበር። አሁን ቆርቆሮውን ላስደግፍ ቢሉ ዘበኛው «ቀለሙ ይበላሻል» አላቸው። የራሰ ታንኳ ተሸክመው በአስፋልቱ ዞረው በዋናው በር እንዳያስገቡ ጉልበት የለም።

«አባዬን ለምን አይጠይቁትም?» ብላቸው ነበር ማታ።

«እኔ ልለምነው? ከሐሙሲት አዝዬ ያመጣሁትን፣ ዓሣ ሽጬ ያስተማርሁትን ልጅ በር ክፈትልኝ ብዬ ደጅ ልጥና? ይበስብስ!»

አባቷም ያው ነው።

«በገዛ ፈቃዴ የቆለፍሁት መሰለሽ? ለደኅንነት ተብሎ ታዝዤ ነው። ብከፍት ነገ ቁልፉን ሌላ ሰው ይይዘዋል፣ እኔ ቤት እውላለሁ። ደግሞስ አያ አፍ የለውም? ራሱ አይጠይቀኝም?»

ሁለት ግትሮች። መሐል የታነቀችው እሷ።

የአዲሱን መንደር ዕቅድ ሊሰማ በመጣ ሰው መጋዘኑ ሞልቷል። የግንባታው ኢንጂነር መብራት አስጠፍታ የአዲሱን መንደር ፊልም ግድግዳው ላይ አሳየች። ዛፉ፣ በረንዳው፣ ብስክሌት የሚነዱት ልጆች አለፉ። መጨረሻ ላይ ዳር የታሰረች ታንኳ መጣች። አበባ ተተክሎባታል። ሰው አጨበጨበ።

«ያችን ደግሞ ማን ገደላት?» አሉ አያ ገድሉ ከኋላ፣ ዱላቸውን እንደያዙ። አጠገባቸው ያሉት ሳቁ። ግሩም አንገቱን ደፋ።

ማኅሌት ተጠራች። ማይኩ ፊት ቆማ ወረቀቷን ዘረጋች።

«እኛ የዚህ ግቢ ወጣቶች መንደራችን አረንጓዴ፣ ከከተማውም ከሐይቁም ጋር የተገናኘ…»

እዚህ ላይ ንባቧን አቆመች። የራሷ ጽሕፈት ነው፤ ማንን ትወቅሳለች? አባቷ ከፊት ወንበር በዓይኑ «ቀጥይ» ይላታል። አያ ገድሉ እሷን አያዩም፤ በተከፈተው መስኮት ወደ ቆርቆሮው ያያሉ። ብታነብ በሩ እንደተቆለፈ ይቀራል፣ ታንኳዋ ትሰምጣለች። ባታነብ የአባቷ እንጀራ ይቋረጣል። ኪዲ ከጎን በሹክሹክታ «ምን ሆነሻል፣ ጨርሺው እንጂ» አለቻት።

ማኅሌት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

«አባዬ፣ የሐይቁን በር ቁልፍ ስጠኝ» አለች። ማይኩ ድምፅዋን እስከ ጣሪያው አደረሰው። «የአያ ገድሉን ታንኳ አውጥተን ስንመለስ የቀረውን አነባለሁ።»

«የምን ቁልፍ ነው?» አለች ኢንጂነሯ ወደ ግሩም ዞራ።

ማኅሌት ከመድረኩ ወርዳ አባቷ ፊት ቆመች። ፊቱ ቀልቷል፤ አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ከኋላ ዱላ ወለሉን ሲነካ፣ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ከወንበሩ ሲነሣ ተሰማ። ዞራ አላየችም።

እጇን ዘረጋች፤ እንደዘረጋችም ቆየች።