ፈቃዱን ያልመለሰው ጠበቃ

ጠበቃ ቲጃኒ ጅማ በሚገኘው ቢሮው፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞቶ የተገኘው በሐምሌ 1975 አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አጠገቡ የተጋመሰ ሻይ ነበር። ሻዩ የተባይ መድኃኒት ይሸታል።

መርማሪው መቶ አለቃ ብርሃኔ ደጃፉን ሳያልፍ የገቢ ሹሙ ጓድ ከፈለ ተቀበለው።

«ራሱን ነው የገደለው። የጥብቅና ፈቃድ ክፍያ ሦስት እጥፍ ሲሆን መክፈል አቃተው። እንዲህ ብለህ ጻፍና መዝገቡን ዝጋ።»

«የምጽፈውን እኔ አውቃለሁ» አለ ብርሃኔ።

በዚያ ቀን ሟቹ ዘንድ የገቡት ሦስት ናቸው፤ ታይፒስቷ ዘይቡ፣ የሙያ ጓደኛው ጠበቃ ፈየራና ራሱ ከፈለ።

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል» አለው ብርሃኔ ፈየራን።

«ኤዬ፣ ተኳርፈን ነበር። እሱ አልከፍልም፣ ፈቃዴንም አልመልስም አለ፤ እኔ ከፈልኩ። ዛሬ ግን ምሳ ልጋብዘው መጣሁ። ጾመኛ ነኝ፣ ማታ እንበላለን አለኝ። ዘይቡም ሰምታለች።»

«ኢድ አልፎ የለም እንዴ?»

«ከኢድ በኋላ የሸዋል ጾም አለ» አለች ዘይቡ። «እኔም ይዣለሁ። ለሶላት ወጥቼ ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ኢንና ሊላሂ።»

ለምርመራ የተጠራው ሐኪም የሟቹን አፍ መረመረ። «መርዙ ከጉሮሮው አልወረደም። ከንፈሩ ከውስጥ ቆስሏል። የሞተው ታፍኖ ነው።»

ብርሃኔ መንገዱን ተሻግሮ የወይንሸት ሻይ ቤት ገባና ጥቂት ጠይቆ ተመለሰ። ከዚያ ሦስቱንም ሰበሰባቸው።

«መርዝ ያለበት ሻይ ይዞ የገባው ሰው ቲጃኒ ይጠጣልኛል ብሎ ነው። ዘይቡና ፈየራ እንደሚጾም ያውቃሉ፤ በሻይ ሊገድሉት አያስቡም። ኢድ ሲያልፍ ጾሙ ያለቀ የመሰለህ አንተ ነህ፣ ጓድ ከፈለ። አልጠጣም ሲልህ በወንበሩ ትራስ አፈንከው፤ ሻዩንም አፉ ውስጥ አፈሰስክ።»

«ይህ ግምት ነው።»

«ወይንሸት አትገምትም። ሻዩን ራስህ ይዘህ ስትሻገር አይታሃለች።»

«ለምን እገድለዋለሁ?»

የመለሰው ፈየራ ነው። «ክፍያው ሲጨምር የመንግሥት ገቢ ቀነሰ። አብዛኞቹ ጠበቆች ፈቃዳቸውን መለሱ። ጠበቃ ሲጠፋ እዚህ አጠገባችን ያለው የየቡ ቡና ገበሬ መክሰሱን ተወ፤ የዳኝነት ክፍያውም አብሮ ደረቀ። አንተ ግን ገቢው አደገ ብለህ ለበላይ አስታወቅህ። ቲጃኒ ነገ የበላዮችህ በሚገኙበት ስብሰባ ላይ እውነቱን ሊናገር ነበር፤ አንተም ይህን ታውቃለህ።»

ከፈለ ወደ ብርሃኔ ዞረ። «ማን መሆኔን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ለዚህም ነው ፖሊሶች ይዤ የመጣሁት።»

በማግስቱ የስብሰባው አዳራሽ ሞልቶ ሳለ ፈየራ እጁን አወጣ፤ ሳይፈቀድለትም ቲጃኒ ሊናገር የነበረውን ከመጀመሪያው ጀምሮ መናገር ያዘ። ሰብሳቢው ተቀመጥ አለው። አልተቀመጠም።