ሁለት ብልቃጥ፣ አንድ ኪስ

ልጅቷን ያገኟት አባቷ ናቸው። ከአልጋዋ ወድቃ፣ ጥርሷ ገጥሞ፣ መላ አካሏ እየተንፈራገጠ። የሚጥል በሽታዋን ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቁታል፤ ይጥላታል፣ ይለቃታል። ያን ዕለት ግን አልለቅ አለ። አንዱ ሳያባራ ሌላው ይከተላል። ሆስፒታል ስትደርስ ራሷን አታውቅም ነበር።

ነገሩን ለፖሊስ ያደረሰው ከዚያ በኋላ የታየው ነው።

ልጅቷ ሆስፒታሉ በሚያካሂደው የአዲስ መድኃኒት ጥናት ውስጥ ነበረች። ታማሚዎቹ የቀድሞ መድኃኒታቸውን ሳይተዉ፣ ግማሾቹ አዲሱን ክኒን፣ ግማሾቹ ደግሞ መልኩም ጣዕሙም ያንኑ የሚመስል፣ ውስጡ ግን ምንም የሌለበት ባዶ ክኒን ይወስዳሉ። ማን የቱን እንደያዘ ታማሚውም አያውቅ፣ ሐኪሙም አያውቅ። የታሸገው ምስጢር የሚከፈተው ነፍስ አደጋ ላይ ስትወድቅ ብቻ ነው።

ተከፈተ። ልጅቷ እውነተኛውን ከሚወስዱት ወገን ናት። ደሟ ሲመረመር ግን የመድኃኒቱ ሽታ እንኳ የለም። ብልቃጧ ውስጥ የቀሩት ክኒኖች ታዩ። ባዶ ናቸው፣ ሁሉም።

መርማሪዋ መጣች። ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ይሏታል። እንቁላሉ በእግሩ ሄዶ ሲደርስ እሷ ገና ካልሲዋን ታጠልቃለች እያሉ ያሾፉባታል። እሷ ግን አትከፋም፤ ቀድመዋት የሮጡትን ስንቴ መንገድ ጠፍቷቸው እንዳገኘቻቸው ታውቃለች።

ኮሪደሩ ላይ የልጅቷ አባት ቆመዋል። አናጺ ናቸው። የሥራ ካፖርታቸውን እንኳ አላወለቁም።

«ፖሊሷ አንቺ ነሽ፣ ልጄ?»

«አዎ አባቴ።»

«መድኃኒቷን የሰረቃትን ሰው አሳዪኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። ዓይኑን ልየው።»

መርማሪዋ ቃል አልገባችም። ቃል መግባት አትወድም።

ጥናቱን የሚመራው ዶክተር ቢሮ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ጥፋቱ የኛ ከሆነ ጥናቱ ይዘጋል» አላት። «ደህና መሆን የጀመሩ ሰዎች አሉ። ከተዘጋ ሁሉም መድኃኒቱን ያጣሉ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የመድኃኒት ክፍሉ ቁልፍ ያለው ፋርማሲስቷ ጋ ብቻ ነው። ሰሞኑን ደግሞ አኩርፋኛለች።»

«ምን አድርገሃት?»

«ዕረፍት ከልክያት።»

ፋርማሲስቷ ከመስኮቷ ጀርባ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ቁልፉን ለሰው ሰጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«ለእናቴም አልሰጥ።»

«ዶክተሩን ተቀይመሻል።»

«ክፉኛ። እሱን ብበቀል ሻዩ ውስጥ ጨው እጨምርለታለሁ እንጂ በሰው ልጅ ነፍስ ምን አጫወተኝ?»

መርማሪዋ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «እሺ። እውነተኛውን በባዶ ልለውጥ ብትይ እንዴት ታደርጊያለሽ?»

«አልችልም። ብልቃጦቹ በቁጥር ብቻ ተለይተው፣ ታሽገው ነው የሚመጡልኝ። የቱ እውነተኛ፣ የቱ ባዶ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ለመስረቅም እኮ ማወቅ ያስፈልጋል!»

«ማሸጊያውን ማን ይከፍተዋል?»

«ታማሚው ራሱ፣ እዚሁ ፊቴ። ከአዲሱ ብልቃጥ የመጀመሪያዋን ክኒን መስኮቱ ጋ ውጦ ነው የሚሄደው። ደንባችን ነው። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የአንጎል ምርመራ ተራውን ይጠብቃል።»

መርማሪዋ ወጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ረጅም ነው፤ የተቀመጠበት ሁሉ ከጎረቤቱ ጋር ማውራቱ አይቀርም። ነገሩን አወጣች፣ አወረደች። እዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ማንም እንደማያውቅ ያውቃል። ታዲያ ማን መረጠ? የመረጠው የሚያውቅ ሰው አይደለም። አውቃለሁ ያለ ሰው ነው።

ተነስታ ወደ መስኮቱ ተመለሰች።

«ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ለየት ያለ ነገር የታየበት ታማሚ አለ?»

ፋርማሲስቷ አሰበች። «አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ጥናቱን ከጀመረች ወዲህ ጥሏት አያውቅም፤ አግዳሚው ላይ የምትወራው እሷ ናት። ሰሞኑን ግን ያዞረኛል ብላ ደውላለች። የመርፌው ቀዳዳ ሁለት ሆኖ እየታያት ክር ማስገባት አቅቷታል።»

«ብልቃጧን ይዛ ትምጣ።»

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳ ተደግፋ መጣች። እግሯ ቢከዳትም ምላሷ አልከዳትም።

«ስለ ሕመማችሁ አታውሩ ይሉናል። ደስታ ይደበቃል እንዴ? ለሁሉም ነው የነገርኩት!»

«ባለፈው ቀጠሮሽ ዕለት አጠገብሽ ማን ነበር?»

«ያቺ የታመመችው ልጅና አባቷ። አንጀቴን ነው የምትበላው፤ ስትሄድ እንዳትወድቅ የአባቷን ካፖርት ኪስ ጨብጣ ነው። መጀመሪያ እሷ ተጠርታ ገባች፤ አባቷ ዕቃዋን ይዘው ቀሩ። እኔም ስጠራ ቦርሳዬን ከነብልቃጡ ለሳቸው አደራ ብዬ ገባሁ። እንደሳቸው ያለ ጨዋ የት ይገኛል! ስወጣ ቦርሳዬን አቅፈው ነበር የጠበቁኝ።»

መርማሪዋ ብልቃጡን ነጭ ወረቀት ላይ ገለበጠችው። ክኒኖቹ ተንከባለሉ። ከኋላቸው ቢጫ ብናኝ ወረደ። በጣቷ ጫፍ አንስታ አሸተተችው።

ሰጋቱራ ነው፤ የእንጨት ብናኝ።

ቀሪውን ምርመራው ተናገረ። ልብስ ሰፊዋ ብልቃጥ ውስጥ ያሉት እውነተኞቹ ክኒኖች ናቸው። ለሕክምናዋ ሲባል የሷም ምስጢር ተከፈተ፤ ከመጀመሪያው የተመደበላት ባዶው ነበር።

«ባዶ ክኒን እየዋጠች ነው ያልጣላት?» አለች መርማሪዋ።

«ይሆናል» አለ ዶክተሩ። «በሽታው አንዳንዴ ራሱ ያርፋል። አንዳንዴ ተስፋም ያሳርፈዋል። ባዶውን ክኒን ጥናት ውስጥ የምናስገባውም ለዚህ ነው፤ የዳነ ሰው አይተን መድኃኒቱ ነው ያዳነው እንዳንል።»

መርማሪዋ አናጺውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸው። እሷም አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት አለ። ምኑም ሳይፈስ እንዴት ይለዋወጣሉ?»

«ሦስተኛ ዕቃ ይፈልጋል» አሉ ወዲያው። ባለሙያ ናቸው።

«የእርስዎ ሦስተኛ ዕቃ ኪስዎ ነበር።»

እጃቸው ሳያዙት ወደ ኪሳቸው ሄደ።

«ያቺ ሴት ስትስቅ አየኋት» አሉ በመጨረሻ። «የኔን ልጅ አሁንም ይጥላታል። ባዶው የደረሰው ለኔ ልጅ ነው አልኩ። ሴትየዋማ ድናለች፣ ምን ይቀርባታል አልኩ።»

«ባልዳነችስ?»

ድንገት ቀና አሉ። «ቢሆንም ደህናውን ነው የሰጠኋት! ከኔ በኋላ ቤቴ ገብቶ የሰረቃት አለ። እሱን ፈልጊው እንጂ!»

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚለው ተረት አፏ ድረስ መጥቶ መለሰችው። አዘነችላቸው።

«የሰረቀ የለም፣ አባቴ። ባዶው የሴትየዋ ነበር። እውነተኛው የልጅዎ ነው።»

«እየጣላት?»

«እየቀነሰ ነበር። ሐኪሙ አሳይቶኛል። እርስዎ ከሴትየዋ ጋር እያስተያዩ አልታየዎትም እንጂ እየተሻላት ነበር። ድንገት ሲቋረጥባት ነው የባሰባት።»

መርማሪዋ አልቸኮለችም። አናጺው እስኪነሱ ጠበቀች፤ ከዚያ ካፖርቱን ለማስረጃ ተቀበለቻቸው። ቃላቸውን ሰጡ፣ ፈረሙ። የሚቀረው የዳኛ ሥራ ነው።

ጥናቱ አልተዘጋም። ቀጠሮ ያላቸው ሁሉ ግን ከእንግዲህ ለየብቻ፣ በተለያዩ ክፍሎች እንዲጠብቁ ታዘዘ። ፋርማሲስቷም ዕረፍቷን አገኘች። አግዳሚው ተነሳ።

በማግስቱ ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። መርማሪዋ አባቷን እስከ በሩ አድርሳ እዚያው ቀረች።

«አንቺ ንገሪያት» አሉ አናጺው ቀስ ብለው።

«እኔ ለእርስዎ ነግሬያለሁ። ለሷ የሚነግሯት እርስዎ ነዎት።»

ገቡ። ልጅቷ ፈገግ አለች። ደካማ እጇን ዘርግታ እንደ ልማዷ የአባቷን ኪስ ፈለገች። እጇ ሸሚዛቸው ላይ ሲንከራተት ቆየ።

«አባዬ» አለች፣ «ካፖርትህስ?»

«ፖሊሶቹ ጋ ነው።»

«ምን ያደርግላቸዋል?»

አናጺው ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጉ። እጇን ይዘው ተቀመጡ፤ ዓይን ዓይኗን እያዩም ይነግሯት ጀመር።